የጠፈር ደርሶ መልስ፦ ቲኬቱን የሚቆርጠው ማነው?

የጠፈር ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ወይ ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው፣ ወይ ምድርን እየዞረች ፎቶ የምታነሳ ሳተላይት ነው። ከሁለቱም ዝቅ ያለ፣ ብዙም ያልተወራለት ሌላ ጉዞ ግን አለ። ሮኬቱ ይነሳል፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ጠፈርን ነክቶ ወዲያው ወደ መሬት ይመለሳል። ምድርን አንዴም አይዞርም። ባለሙያዎቹ "ሰብኦርቢታል በረራ" ይሉታል፤ ምህዋር ሳይገባ የሚመለስ ማለት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ "የጠፈር ደርሶ መልስ" እያልኩ እጠራዋለሁ።

ላለፉት 20 ዓመታት ያህል "ይህ ጉዞ ርካሽ ንግድ ሊሆን ነው፤ ሳይንቲስቱም እንደ ቱሪስቱ ቲኬት ቆርጦ መሣሪያውን ይዞ ይሳፈራል" ሲባል ቆይቷል። ታዲያ ሳይንስ በእርግጥ የዚህ ገበያ ደንበኛ ሆነ ወይ? ካልሆነስ ለምን? ደግሞስ እኛን የፊዚክስ ተማሪዎችን ምን አገባን? በበኩሌ የሳይንሱ ፍላጎት እውነተኛ ነው፤ ገበያው ግን ሳይንስን የቱሪስት መኪና የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው እላለሁ። መኪናው ሲቆም ሳይንሱም አብሮ ቆመ። ይሄን ካልተረዳን እኛም የማይመጣ ታክሲ ስንጠብቅ መምሸቱ ነው። (አንባቢ እንዳይደናገር፣ በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ደርሶ መልሱ ምን ይጠቅማል?

በመጀመሪያ ከሂሳቡ እንነሳ። አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ 100 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት፣ የአየር ግጭቱን ትተን፣ 1 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ያንኑ ኪሎ ምህዋር ውስጥ ለማስገባት ግን በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ሊሰጠው ይገባል፤ ይህ ብቻውን 30 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይፈጃል። ልዩነቱ 30 እጥፍ ነው። ስለዚህ ደርሶ መልሱ ትንሽ ሮኬት፣ ትንሽ ነዳጅ፣ ትንሽ ገንዘብ ይበቃዋል። የንግዱ ሐሳብ የተወለደውም ከዚህ ቀላል ስሌት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ጊዜ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በሮኬቱ ውስጥ ያለው ዕቃ በሙሉ አብሮ በነፃ ስለሚወድቅ ክብደት አልባ ይሆናል። ክብደት አልባነትን መሬት ላይም ማግኘት ይቻላል፤ ግን ለአፍታ ነው። በጀርመን ብሬመን ከተማ ባለው 146 ሜትር ማማ ውስጥ ዕቃ ሲለቀቅ የሚገኘው 4.7 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከታች በካታፑልት ተወርውሮ ሲመለስ ደግሞ 9 ሰከንድ ያህል። ሽቅብና ቁልቁል እየተወነጨፈ የሚበር አውሮፕላን በአንድ ዙር ከ20 እስከ 25 ሰከንድ ይሰጣል። የቱሪስት ደርሶ መልሶቹ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ ከስዊድን ኪሩና የሚተኮሰው ቴክሰስ የተባለው የምርምር ሮኬት 6 ደቂቃ ያህል ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ የፈለገ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሄዶ ተራ መጠበቅ ነው። እሳት ያለ ስበት እንዴት ይነዳል? ፈሳሽ በታንክ ውስጥ እንዴት ይንሳፈፋል? የቀለጠ ብረት እንዴት ይረጋል? የሚሉ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ በ25 ሰከንድ አይመለሱም፤ ወራትም አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛው ጥቅም ቦታው ነው። ለኔ ዋናው ይሄ ነው። የምርምር ባሉን ቢበዛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይቀራል። ሳተላይት ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ልዙር ቢል አየሩ ስለሚይዘው ወዲያው ተቃጥሎ ይወድቃል። በሁለቱ መሀል ያለውን የከባቢ አየር ክፍል እዚያው ገብቶ ለመለካት ሮኬት ብቻ ነው ያለው። ብዙ ጥናት ስላልደረሰው አንዳንድ ተመራማሪዎች በቀልድ "የድንቁርና ንብርብር" ብለውታል።

ታሪኩንም አንርሳ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ከጀርመን የማረኳቸውን ቪ-2 ሮኬቶች ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ሲተኩሱ፣ በ1946 በአንዱ የጅራት ክንፍ ላይ በተገጠመ መሣሪያ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ከአየር ሽፋን በላይ ሆነው ቀዱ። በሰኔ 1962 ደግሞ ሪካርዶ ጃኮኒና ባልደረቦቹ አንድ ኤሮቢ ሮኬት ላከው፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ በቆየበት 6 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ የመጣ የመጀመሪያውን የኤክስሬይ ምንጭ አገኙ። ሲፈልጉ የነበሩት ከጨረቃ የሚመጣ ኤክስሬይ ነበር፤ ያገኙት ግን "ስኮርፒየስ ኤክስ-1" የተባለውን ኮከብ ነው። ያ 6 ደቂቃ አዲስ የሥነ ፈለክ ዘርፍ ከፈተ። በታህሳስ 1970 ከኬንያ ጠረፍ፣ ከሳን ማርኮ መድረክ፣ የመጀመሪያዋ የኤክስሬይ ሳተላይት ተላከች፤ ቀኑ የኬንያ የነፃነት በዓል ስለነበር "ኡሁሩ" ተባለች፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። ጃኮኒም በ2002 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። እንግዲህ ደርሶ መልስን "ጠፈር ሳይደርስ የሚመለስ" ብሎ የሚንቅ ካለ ይህን ያስታውስ።

ገበያው እንዴት ተወራ?

በጥቅምት 2004 ስፔስሺፕዋን የተባለች የግል መንኮራኩር በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥታ ተመለሰችና የ10 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ወሰደች። መንግሥት ያልገባበት የጠፈር ጉዞ ታየ ተባለ። ቨርጂን ጋላክቲክ ቲኬቱን በ200 ሺህ ዶላር መሸጥ ጀመረ። ጄፍ ቤዞስ ያቋቋመው ብሉ ኦሪጅን፣ ኤክስኮር፣ አርማዲሎ፣ ማስተን የተባሉ ኩባንያዎችም ተሰለፉ። ሳይንቲስቶችም ጓጉ። ከ2010 ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ የሚነጋገር የተመራማሪዎች ጉባኤ መካሄድ ያዘ። ናሳም ለተመራማሪዎች በረራ የሚገዛበት ፕሮግራም አቋቋመ።

ሐሳቡ ያምራል። ሮኬቱ ተመላልሶ የሚሠራ ከሆነ፣ ዛሬ ወጥቶ በሳምንቱ የሚደግም ከሆነ፣ ተመራማሪው መሣሪያውን ልኮ፣ ስህተቱን አይቶ፣ አርሞ እንደገና ይልካል። እኛ በላብ ውስጥ የምናደርገውን ጠፈር ላይ ማድረግ ማለት ነው። ዋጋውም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይወርዳል ተባለ።

በ2012 ታውሪ ግሩፕ የተባለ አጥኚ ድርጅት፣ በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርና በፍሎሪዳ የጠፈር ልማት ድርጅት ድጋፍ፣ የ10 ዓመት የገበያ ትንበያ አወጣ። መካከለኛው ግምት በ10 ዓመት ውስጥ 600 ሚሊዮን ዶላር ገቢ የሚል ነበር፤ ነገሩ ከከፋ 300 ሚሊዮን፣ ከሰመረ 1.6 ቢሊዮን። አሁን ልብ በሉ። ከጠቅላላው ፍላጎት 80 በመቶ ገደማውን የሚይዘው ለራሱ ደስታ የሚሄድ መንገደኛ እንደሆነ ተገመተ። ሳይንሳዊ ምርምር ሁለተኛ ወጣ፤ ድርሻው ግን 10 በመቶ ገደማ ነበር።

ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። የሳይንስ ገበያ የተባለው ከመጀመሪያው በራሱ እግር እንዲቆም አልታሰበም። ቱሪስቱ መንኮራኩሩን ያሠራል፣ ሳይንቲስቱ በተረፈው ቦታ ይሳፈራል፤ ስሌቱ ይህ ነበር።

ከዚያስ ምን ሆነ?

አርማዲሎ በ2013 ሥራውን አቆመ። በጥቅምት 2014 የቨርጂን ጋላክቲክ መንኮራኩር በሙከራ በረራ ላይ ተሰባብራ አንድ አብራሪ ሞተ። ኤክስኮር ሊንክስ የሚላትን መንኮራኩር አንዴም ሳያበር በ2017 ከሰረ። ማስተን በ2022 ተከተለው።

የቀሩት ሁለቱ በእርግጥ በረሩ፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። የብሉ ኦሪጅን ኒው ሼፐርድ ከ2015 ጀምሮ ከምዕራብ ቴክሳስ እየተነሳ ተመላለሰ፤ ኩባንያው ራሱ እንደገለጸው ከ200 በላይ የምርምር ዕቃዎችን አጓጉዟል። በየካቲት 2025 ካፕሱሉን እያሽከረከረ ለ2 ደቂቃ ያህል የጨረቃን ስበት የሚመስል ሁኔታ ፈጥሮ 30 ያህል ሙከራዎችን አስተናገደ። በቨርጂን ጋላክቲክ በኩል በሰኔ 2023 ሦስት ጣልያናውያን፣ ሁለቱ ከአየር ኃይል አንዱ ከብሔራዊ የምርምር ካውንስል፣ 13 ሙከራዎችን ይዘው ወጡ። በኅዳር 2023 ደግሞ ወደ ፕሉቶ የሄደችውን የኒው ሆራይዘንስ ተልእኮ የሚመራው አለን ስተርን መሥሪያ ቤቱ ወንበር ገዝቶለት በረረ።

ዋጋው ግን አልወረደም። 200 ሺህ የነበረው ቲኬት መጀመሪያ 250 ሺህ፣ በ2021 ደግሞ 450 ሺህ ዶላር ሆነ፤ ከዚያም ወደ 600 ሺህ ወጣ። ድግግሞሹም እንደተባለው አልሆነም። በመስከረም 2022 ሰው ያልያዘ፣ 36 የምርምር ዕቃዎችን የጫነ ኒው ሼፐርድ ሮኬት በመንገድ ላይ ተበላሸ። ካፕሱሉ በመከላከያ ሞተሩ አምልጦ በሰላም አረፈ፤ ቀጣዩ በረራ ግን እስከ ታህሳስ 2023 ዘገየ። 15 ወር ማለት ነው! በሳምንት ይመላለሳል የተባለው። ቨርጂን ጋላክቲክም በሰኔ 2024 ያለችውን አንዲት መንኮራኩር ጡረታ አውጥቶ፣ ተተኪዎቹ እስኪሠሩ ድረስ በረራ አቆመ። በጥር 2026 መጨረሻ ላይ ብሉ ኦሪጅን አቅሙን ወደ ጨረቃ ሥራው ለማዞር ኒው ሼፐርድን ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንደሚያቆም አስታወቀ። ወረፋ ይዞ የነበረ ተመራማሪ ምን ይበል? እሱን ብሎ የተሠራ ሮኬት አልነበረምና ለሱ ተብሎ የሚቆይም አልሆነም።

በዚህ ሁሉ መሀል የድሮው ሮኬት፣ ወና በረሃ ላይ ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ የሚተኮሰው የመንግሥት የምርምር ሮኬት፣ ሥራውን ቀጥሏል። ናሳ ከዎሎፕስ ጣቢያው የሚያስተባብረው ፕሮግራም በዓመት 20 ገደማ ሮኬት ይልካል። ቴክሰስም ከ1977 ጀምሮ አለ። ታዲያ "ዘመናዊው" ገበያ ሲንገዳገድ "ኋላ ቀሩ" ለምን ጸና?

የመስመር ታክሲና ኮንትራት

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሜክሲኮ ሳር ቤት የሚሄድ ሚኒባስ ርካሽ ነው፤ ምክንያቱም ወጪውን የሚጋራ ብዙ ሰው አለ። ግን መስመሩን የመረጥከው አንተ አይደለህም። ሳይሞላ አይነሳም። ረዳቱ "ዛሬ መስመር ቀይረናል" ካለህ መውረድ ነው። ኮንትራት የያዝክ እንደሆነ ግን ውድ ይሁን እንጂ በፈለግከው ሰዓት፣ ወደ ፈለግከው በር ድረስ ይወስድሃል።

የቱሪስት መንኮራኩር የመስመር ታክሲ ነው። የሚነሳበት ቦታ አንድ ነው፤ ቴክሳስ ወይም ኒው ሜክሲኮ። የሚወጣበት ከፍታም ለመንገደኛው ደስታ የተለካ ነው። የምርምር ሮኬት ኮንትራት ነው። ለምሳሌ ሚያዝያ 8 ቀን 2024 በአሜሪካ የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን ከዎሎፕስ ሦስት ሮኬቶች ተተኮሱ፤ አንዱ ከግርዶሹ በፊት፣ አንዱ በመሀሉ፣ አንዱ ከሱ በኋላ፤ ብርሃኑ ድንገት ሲቀንስ አዮኖስፌር ምን እንደሚሆን ለመለካት። ግርዶሽ ታክሲ እስኪሞላ አይጠብቅም። ሰሜን ላይ የአውሮራ ብርሃን ሲፈነዳ እሱም አይጠብቅም።

ለሳይንስ ገበያው መቀጨጭ ሌላም ምክንያት አለ። ምህዋር ራሱ ረከሰ። በጥር 2021 ስፔስኤክስ በአንድ ሮኬት 143 ሳተላይቶችን በጋራ ጭኖ ላከ። የጫማ ካርቶን የምታህል ሳተላይት በወራት የሚቆጠር መረጃ ከሰጠች፣ ለ3 ደቂቃ ብቻ የሚከፍል ሰው ሁለቴ ያስባል። ለደርሶ መልሱ በብቸኝነት የሚቀሩለት ሳተላይት የማይደርስባቸው ሥራዎች ናቸው፤ ዝቅተኛው ከፍታ፣ አጭሩ ሙከራ፣ ከነዕቃው መመለስ ያለበት ናሙና፣ ከረጅሙ ጉዞ በፊት የሚፈተን መሣሪያ። እነዚህ እውነተኛ ፍላጎቶች ናቸው፤ ግን የሚሊየነሮች ሰልፍ አያክሉም።

ዋናው ነጥብ ደግሞ ከፋዩ ነው። "የሳይንስ ገበያ" ሲባል ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል? ከተመራማሪው አይደለም። ከናሳ፣ ከጣልያን አየር ኃይል፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ በጠቅላላው ከሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ገበያው ሳይንስን አልተሸከመም፤ መንግሥት ሳይንስን ተሸክሞ ገበያው ውስጥ አስገባው እንጂ። ጸንቶ የቆየው ፕሮግራም ይሄን አምኖ በየዓመቱ የሚመድብ ያለው ነው። የግል ኩባንያ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ ነጋዴ ትርፍ ወዳለበት መሄዱ ሥራው ነው። ስህተቱ የነጋዴን ጉጉት የሳይንስ ዋስትና አድርጎ መቁጠር ነው።

እኛ ከምን ገባን?

አሁን ወደ ራሳችን ሰማይ ልምጣ። ከመሬት ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ግራና ቀኝ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ይባላል። ምልክቱ መጀመሪያ የታየው ፔሩ ውስጥ ሁዋንካዮ በተባለ ጣቢያ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሲድኒ ቻፕማን ነው፣ በ1951። ስፋቱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቀጭን መቀነት ነው። መቀነቱ በየት ያልፋል? ፔሩ፣ ብራዚል፣ ናይጄሪያ፣ ቻድ፣ ደቡብ ሕንድ፤ እና ኢትዮጵያ። አዲስ አበባ ከመግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ ናት። ይህን የምታነቡት ቀን ላይ ከሆነ ጅረቱ ከናታችሁ በላይ እየፈሰሰ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ከ1957-58 ዘመን ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲመዘግብ የኖረ ነው። እኩለ ቀን አካባቢ ማግኔቶሜትሩ ከፍ የሚለው ከላይ ባለው ጅረት የተነሳ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የዋሸራ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ በዚህ ዘርፍ ይሠራል። ነገር ግን የመሬት ማግኔቶሜትር የሚያየው ድምሩን ነው። ጅረቱ በየትኛው ከፍታ ስንት እንደሆነ፣ ኤሌክትሮኖቹ እዚያው ምን ያህል እንደሚበዙ፣ የኤሌክትሪክ ሜዳው እንዴት እንደሚለዋወጥ በቀጥታ ልወቅ ያለ መሣሪያውን ጅረቱ ውስጥ ማስገባት አለበት። ባሉን አይደርስም። ሳተላይት አይቆይም። የቀረው ደርሶ መልስ ነው።

በየትኛው ደርሶ መልስ? እስቲ ከገበያው እንምረጥ። የቨርጂን ጋላክቲክ መንኮራኩር የወጣችው ከ85 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ጅረቱ ጋ ሳትደርስ ትመለሳለች። ኒው ሼፐርድ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ግን ቴክሳስ ላይ ኤሌክትሮጄት የለም! ደግሞ እኛ የምንፈልገው ካፕሱል ውስጥ የተዘጋ ሳጥን ሳይሆን፣ ክንዱን ዘርግቶ ፕላዝማውን የሚነካ ላንግሚዩር ፕሮብ ነው። ስለዚህ ቲኬቱ 600 ሺህ ቀርቶ 600 ብር ቢሆን እንኳ ለኛ ጥያቄ አይሆንም። በዲፓርትመንታችን "ዋጋው ይውረድና ያኔ እናስባለን" የሚል ንግግር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ የምለው፣ የምንጠብቀው ታክሲ ቢረክስም በኛ ሰፈር አያልፍም ነው።

"ላም አለኝ በሰማይ"

አንዳንድ ጓደኞቼ ይሄን ሲሰሙ ይስቃሉ። "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ፤ ለላብ የሚሆን ኦሲሎስኮፕ በወረፋ በምንጠቀምበት አገር ሮኬት?" ይላሉ። ንግግሩ እውነት አለው፤ በቀልድ አላልፈውም። በድሃ አገር እያንዳንዱ ብር ተወዳዳሪ አለው።

መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነገሩ ከሰማይ የወረደ ቅንጦት አይደለም። ጂፒኤስ፣ የሳተላይት ስልክ፣ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሁሉም ምልክታቸው በአዮኖስፌር ውስጥ ያልፋል ወይም ከሱ ይነጥራል። በመግነጢሳዊው ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው አዮኖስፌር የሚፈጠሩት የፕላዝማ አረፋዎች የጂፒኤስን ምልክት ያንቀጠቅጣሉ። አውሮፕላን የምናበር፣ በሳተላይት መሬት የምንለካ አገር ነን። የራሳችንን ሰማይ ጠባይ ሌላ ሰው አጥንቶ እስኪነግረን ልንጠብቅ ነው?

ሁለተኛ፣ ሕንድን እንይ። በኅዳር 1963 ደቡብ ሕንድ ቱምባ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር የመጀመሪያው ሮኬት ሲተኮስ ሕንድ ሀብታም አልነበረችም። ሮኬቱ ናይክ-አፓቺ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ የተጫነው መሣሪያ የፈረንሳይ። የሮኬት ክፍል በብስክሌት ሲጓጓዝ የሚያሳየው ፎቶ እስከ ዛሬ የታወቀ ነው። ቢሮ የነበረው የቅድስት ማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ነው። ለምን ቱምባ ተመረጠች? መግነጢሳዊው ወገብ በአቅራቢያዋ ስለሚያልፍ፤ ማለትም ከኛ በላይ ያለውን ያንኑ ጅረት ፍለጋ! ሕንዶች ገበያ አልጠበቁም። ቦታው አላቸው፣ ጥያቄው አላቸው፤ ሮኬትና መሣሪያ ካለው ጋር ተጋሩ። በ1968 ጣቢያው ለተባበሩት መንግሥታት አገልግሎት ተሰጠ፤ የብዙ አገር ተመራማሪ ተጠቀመበት። የሕንድ የጠፈር ፕሮግራም ከዚያ ነው ያደገው። በፔሩ በ1983፣ በብራዚል በ1994 የተካሄዱት የሮኬት ዘመቻዎችም ናሳ ከአገሬው ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ይሄንኑ የወገብ ሰማይ ለማጥናት ያደረጋቸው ናቸው። በኛ መቀነት ስር ያለችው አፍሪካ ግን ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ብዙ አልደረሳትም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሮኬት እንሥራ አላልኩም። ከመሀል አገር ሮኬት መተኮስም ቀላል አይደለም፤ ቱምባም ሳን ማርኮም ባሕር ዳር የሆኑት የሚወድቀው ቁራጭ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው። እኛ የባሕር በር የለንም። ስለዚህ ጉዳዩ የጎረቤትና የጋራ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል። ከናይጄሪያ እስከ ኢትዮጵያ በመቀነቱ ስር ያሉ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ጥያቄያቸውን አስተባብረው፣ ሮኬት ካላቸው ፕሮግራሞች ጋር የአንድ ዘመቻ ኮንትራት ቢጠይቁ ሸክሙ ይቀላል።

ያ እስኪሆን ድረስ ግን በእጃችን ያለ ሥራ አለ። አንደኛ፣ የምርቃት ፕሮጀክት ስንመርጥ የማግኔቶሜትር መረጃ ትንተናን እንደ "የመጨረሻ አማራጭ" ማየት እንተው። ሮኬት ያለው ሰው የሚፈልገው ከስሩ ለረጅም ዓመታት በጥንቃቄ የተመዘገበ መረጃ ነው። እሱ ያለው እኛ ጋ ነው። ሁለተኛ፣ በኤሌክትሮኒክስ ኮርሳችን ውስጥ አንድ ቀላል ሴንሰር ከነመመዝገቢያው ነድፎ፣ አንቀጥቅጦና አቀዝቅዞ መፈተንን እንለማመድ። በአሜሪካ ከ2008 ጀምሮ ሮክኦን በሚባል ፕሮግራም ተማሪዎች በቀናት ውስጥ መሣሪያ ገጣጥመው በምርምር ሮኬት ይልካሉ፤ በአውሮፓም ሬክሰስ የሚባለው የስዊድንና የጀርመን ፕሮግራም ለተማሪ የተከፈተ ነው። የነሱ ተማሪ የሚሠራው ሰርኪት ከኛ አቅም በላይ አይደለም። ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችን ከውጭ ተባባሪዎች ጋር ሲነጋገሩ "ምን ትሰጡናላችሁ?" ከማለት በፊት "ከኛ ሰማይ ሌላ ቦታ የማይለካ ይህ ጥያቄ አለን" ብለው ይጀምሩ።

አገራችን በታህሳስ 2019 ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ስታስወነጭፍ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ሳተላይቷ የተነደፈችው ወደ ታች፣ መሬታችንን እንድታይ ነው፤ ተገቢም ነው። ከመሬታችንና ከሳተላይቷ መሀል ያለው ግን አሁንም ያልተነካ ነው።

እንግዲህ የገበያው ጉጉት ይመጣል፣ ይሄዳል። ነገ የቱሪስቱ መንኮራኩር ተመልሶ ሊበር ይችላል፤ ዋጋውም ሊወርድ ይችላል፤ እሰየው ነው። ኤሌክትሮጄቱ ግን ነገም ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መፍሰስ ይጀምራል፤ የማንንም የገበያ ትንበያ አይጠይቅም። አጥኚዎቹ "ለሳይንስ በረራ ስንት ወንበር ይሸጣል?" ብለው ጠይቀዋል። ለኛ የሚሻለው "ከኛ በላይ ያልተመለሰው ጥያቄ የትኛው ነው፣ ለሱስ ማን በየዓመቱ ይመድባል?" ማለት ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ነጋዴ ይመልሰው፤ ሁለተኛውን የሚመልስ ከኛው መሀል ካልወጣ ሌላ አይወጣም።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉበት። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።